ዷ ያለ ሁሉ ከበሮ ነው?

በፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ወረታ ካሉት መፈልፈያ ቤቶች ደጃፍ ሲደርስ የሠርግ ወሬም አብሮት ይደርሳል። ጥር እየመጣ ነዋ! ድሮ ስለ አንድ ሠርግ ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ሰንጋ ተጣለ?» ነበር፤ ቀጥሎ «ስንት ጋን ጠላ ተጠመቀ?»። አሁን ሁለቱንም የሚቀድም ጥያቄ መጥቷል። «ኦርጋን አለው?»

ኦርጋን የምንለው ያው ኪቦርዱን ነው። በአንድ ወጣት አሥር ጣቶች ሥር ድራሙም፣ ቤዙም፣ ጊታሩም፣ ትራምፔቱም ተሰብስቦ የሚወጣበት ያማሃ ወይም ኮርግ፤ ግራና ቀኝ ሁለት ሞንታርቦ ቆሞለት። (ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን የድምፅ መሣሪያ አምራች ስም ነው። ባለቤቶቹ ስማቸው አማርኛ ውስጥ ገብቶ የድምፅ ማጉያ ሁሉ መጠሪያ መሆኑን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?) «አለው» ከተባለ ሠርጉ ሠርግ ነው። «የለውም፣ በከበሮ ነው» ከተባለ ግን ከንፈር ይመጠጣል፤ ሙሽራው የታመመ ይመስል።

ሰው በሩዙ ገንዘብ ኦርጋን ቢከራይ እኔ ምን አገባኝ? ምንም። የተጣላሁት ከኪቦርዱ ጋር ሳይሆን ኪቦርዱን ተከትላ ከምትመጣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጋር ነው፦ «የኦርጋኑ ድራም እኮ ከእውነተኛው አይለይም፤ እንዲያውም ይበልጣል።» ይህችን ዐረፍተ ነገር ከሙሽራ አባት ሰምቻታለሁ። ከኪቦርድ ተጫዋች ሰምቻታለሁ። ማኅሌት ቆሞ ካደረ ዲያቆን አፍም ሰምቻታለሁ፤ የባሰብኝ እንዲያውም የዲያቆኑ ነው። ዛሬ የምጽፈው ለእሷ መልስ ነው።

ለመሆኑ ፍርዱ እንዴት ነው የሚሰጠው? ኪቦርድ ሲገዛ አይታችሁ ከሆነ፣ ሻጩ ዕቃውን ይከፍተውና በግራ በኩል ካሉት ቁልፎች አንዱን በአመልካች ጣቱ ጫን ያደርገዋል። ዷ! ገዢው ጓደኛውን ያየዋል። ጓደኛው ራሱን ይነቀንቃል። አንዴ ይደገማል፣ ዷ! በቃ፣ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። የሠርግ ደጋሹም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልጁ ዳሱ ውስጥ ሽቦውን ገጣጥሞ ሲጨርስ አንዴ «ዷ» ያደርግለታል፤ የዳሱ ሸራ ሲንቀጠቀጥ ያያል፤ ደስ ይለዋል።

እውነቱን ለመናገር ያ ዷ ግሩም ዷ ነው። የእውነተኛ ድራም ቅጂ የተጫነበት የድራም ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ሮጀር ሊን የተባለ አሜሪካዊ የሠራው ኤል ኤም ዋን። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ረክሶና ተሻሽሎ እዚህ ደርሷል። ዛሬ ወረታ ዳስ ውስጥ የሚጮኸው ድራም ጥሩ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በጥሩ ማይክሮፎን፣ በጥሩ ባለሙያ እጅ ተመትቶ የተቀዳ ነው። የእኛ ከበሮስ? ክረምት ላይ ቆዳው ይላላል። እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ካልተሰጣ «ቧ» እንጂ «ዷ» አይልም። ዋንዛ እንደልብ ስለማይገኝ ሆዱ ከቆርቆሮ የተሠራም ሞልቷል። ስለዚህ አንድ ዷ ለአንድ ዷ ይወዳደሩ ከተባለ ማሽኑ ያሸንፋል። ፈርሜ እሰጣለሁ።

ግን በአንድ ዷ የሚጨፍር ማን አለ?

የሚገርመኝ ይህን ፍርድ የሚሰጠው የፎገራ ሰው መሆኑ ነው። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የመጣው በደርግ ዘመን፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት ላይ የሚበቅል የባዕድ እህል ነበር። ገበሬው ግን ዝም ብሎ አልተቀበለውም፤ መርምሮ ነው የተቀበለው። ኤክስ ጂግና የሚባለውን ሩዝ ሲገዛ የጆንያውን አፍ አይቶ አይሄድም። እጁን እስከ ክንዱ ሰዶ ከሥር ይዘግናል። አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። ንጣቱን ያያል። ሲፈለፈል ስንቱ ይደቅቃል ብሎ ይጠይቃል። ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራው ማግስቱን ይደርቅ አይደርቅ እንደሆነ ሚስቱን ያማክራል፤ ገለባውን ከብቱ ይበላው እንደሆነም ያስባል። ለአንድ ጆንያ ሩዝ ግማሽ ቀን! ለልጁ ሠርግ ከበሮ ግን ሦስት ሰከንድ።

ጥርሳችንን ጆሮ ላይ እናውለው እስቲ። ከበሮ የሚመታ እጅ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት መትቶ አያውቅም። አንዱ መሐል ላይ ያርፋል፣ አንዱ ጠርዝ ላይ። አንዱ በመዳፍ ነው፣ አንዱ በጣት። ሰፊው አፍ ይናገራል፣ ጠባቡ ይመልሳል። እጁ ይደክማል፣ ይሞቃል፣ ይናደዳል። ኪቦርዱ ደግሞ የምቱን ብርታት በቁጥር ነው የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣውና እስከ ዛሬ በሚሠራበት ሚዲ በሚባለው ሥርዓት የአንድ ምት ጉልበት ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይጻፋል። 127 ደረጃ ትንሽ አይደለም፤ በደንብ ለሚጠቀምበት ይበቃል። ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ስታይል የሚባለው፣ ልጁ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚያስነሳው ምት፣ የጥቂት ባሮች ዙር ነው። ያልቅና ከመጀመሪያው ይነሳል። አንዱ ዙር አራት ሰከንድ ፈጀ እንበል። ሠርጉ አራት ሰዓት ቢቆይ ያው ዙር 3,600 ጊዜ ተደገመ ማለት ነው። አንዲት ቅንጣት ሳትጨመርበት፣ ሳትቀነስበት! ጎበዙ ተጫዋች አልፎ አልፎ «ፊል» የምትባለውን ቁልፍ ይነካና ድራሙ ትርርርም ብሎ ይመለሳል። እሷም ያችው ናት። አሥረኛው ላይ ጆሮ ቀድሞ ይጠብቃታል፤ ሠላሳኛው ላይ ይሰለቻታል፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ አይሰማትም። ለዚህ ነው ሞንታርቦው የሚጨመረው። ያልተሰማን ነገር ለማሰማት ያለን አንድ መላ ድምፅ መጨመር ሆነ።

ለብዙ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግጥም ሳስተምር ከዚህ ጋር አንድ የሆነ በሽታ አይቻለሁ። ተማሪው የወል ቤት ይጽፋል። ስድስት ቀለም፣ ስድስት ቀለም። በጣቱ ቆጥሮታል፣ አንዲት አልጎደለችም። ቤት መምቻውም ይመታል። ስታነቡት ግን እንጨት ነው! ጎረቤቱ ያለች ማንበብ የማትችል አልቃሽ የምትገጥማት ሙሾ አንዲት ቀለም ተርፋ ትፈስሳለች፤ የፈሰሰችው ቀለም ላይ ሰው ደረቱን ይመታል። ልጆቹን «ምጣኔና ምት አንድ አይደሉም» እላቸው ነበር። ምጣኔውን ቆጥሮ ማረም ይቻላል፤ ምቱን ግን አፍ አውጥቶ ካላነበቡት አይያዝም። የኪቦርዱ ስታይል ምጣኔው ያልጎደለ የተማሪ ግጥም ነው። ቁጥሩ ልክ ስለሆነ ብቻ ነጥብ ስጠኝ ይላል። እኔ አልሰጥም ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ላንሳ፤ ከድምፁ ጥራት ይልቅ እሱ ይበልጥብኛል። የእኛ አገር ጭፈራ መውጫ አለው። ተነስቶ ይወጣል፣ ይፋጠናል፣ ይደርሳል። ይህ የሠርግ ቤት ፈሊጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ በመቋሚያ ዝማሜ ይሉና፣ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ ወደ መረግድ፣ ከመረግዱ ወደ ጽፋት እያሉ ይጓዛሉ። ከበሮው መጀመሪያ ላይ እንደ አዛውንት ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ መጨረሻ ላይ ይበራል። የሠርጉ እስክስታም የዚሁ ሥርዓት ዘመድ ነው። ቀስ ብሎ ተቀምጦ የሚያጨበጭበው ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ሳይታወቀው ተነስቷል። ማን አስነሳው? ከበሮ መቺዋ። ትከሻዎቹን አየቻቸው፣ ለመነሳት አንድ ፀጉር እንደቀራቸው አወቀች፣ ፈጠነች።

«ኪቦርዱም እኮ የቴምፖ ቁልፍ አለው» ትሉኛላችሁ። አለው። ግን መቼ እንደሚነካ ማን ይነግረዋል? ልጁ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው፤ የሚቀጥለውን ስታይል ቁጥር እየፈለገ ነው። ትከሻ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ዘፈኑ በጀመረበት ቁጥር ያልቃል። ሰው ግን ለጭፈራ የመጣው ሊወጣ ነው! መውጫ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ይጮኻል፣ ይገፋፋል፣ ቢራ ይጨምራል። ዛሬ ዛሬ ሠርግ ቤት ጠብ በዛ የምትሉ ሰዎች ይህንን አስቡበት። (ማረጋገጫ የለኝም፤ ጥርጣሬ ነው።)

እንዲያው ስለ ምት ከሌላ አገር ተበድሮ ማደር የማያምርበት አገር ቢኖር ፎገራ ነበር። አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው፤ የናበጋ ጊዮርጊስ። አገር የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ የማንም ቀልድ ባለቤት ሲያጣ ወደ እሳቸው ይጠጋል። ሊቅነታቸውን ግን ቀልዳቸው ሸፍኖታል። ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው፦ አለቃ ጣና ዳር ሆነው ሞገዱ ወደ ዳርቻው ሲገፋና ሲመለስ፣ ደንገሉ ከነፋሱ ጋር ወዲህና ወዲያ ሲል እያዩ፣ ከዚያ እንቅስቃሴ አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ። ይዘውት ጎንደር ሲገቡ ሊቃውንቱ «ከአባቶቻችን ያላየነው ነው» ብለው አልተቀበሏቸውም። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ ተከለው፤ ስሙም የተክሌ አቋቋም ሆነ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆምበታል።

ይህን ታሪክ የማነሳው «አዲስ ነገር ጠላህ» ለሚለኝ ሰው ነው። አልጠላሁም። በዚያ ክርክር ውስጥ ብኖር ከጎንደሮቹ ጋር ሳይሆን ከናበጋው ሰውዬ ጋር ነበር የምቆመው። አዲስ አመጡ፤ ግን ያመጡት አይተው ነው። ሐይቁን አዩ፣ ደንገሉን አዩ፣ የሰውን ወገብና የመቋሚያውን ልክ አዩ። ያማሃ ፋብሪካ ያለበት ሐማማትሱ ከተማ የሚሠራ ጃፓናዊ መሐንዲስ የጣናን ሞገድ አላየም። ማየትም አይጠበቅበትም፤ የእሱ ሥራ ጥሩ ዕቃ መሥራት ነው፣ ሠርቷል። ሞገዱን ማየት የእኛ ድርሻ ነበር።

እዚህ ላይ «ኪቦርዱ ላይ እኮ የአገራችን ስታይል ተጭኖበታል» የሚል አለ። ልክ ነው፣ በፍላሽ እየተቀዳ ይዞራል። አንዱ «ጎንደር» ይላል፣ አንዱ «ጎጃም»፣ አንዱ «ወሎ»፣ አንዱ «ጉራጌ»። ከፖልካና ከቦሳኖቫ ይሻላል፤ ይህን የሠራ ሰው ይመስገን። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ማታ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የቀረጸው ችክችካ ነው ለመላው «ጎንደር» የሚታደለው። የደብረ ታቦሩ፣ የእብናቱ፣ የደምቢያው፣ የእስቴው ሁሉ በአንድ ቁልፍ! እኔ ደግሞ ርብና ጉማራ መካከል እንኳ ከአንዱ መንደር ወደ አንዱ ስትሻገሩ ጭብጨባው የሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ሲለይ ሰምቻለሁ። ያቺ ትንሽ ናት የምትጠፋው። ትልቁማ አይጠፋም፤ ትልቁን ቴሌቪዥን ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ቁስሌ ልምጣ። የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና ከድምፁ በፊት ቃሉ ያመኛል። የገጠር ሠርግ ዘፈን አውራጅና ተቀባይ አለው። አውራጇ እዚያው ቁጭ ብላ ትፈጥራለች፤ አማቱን ታሞግሳለች፣ ሚዜውን ትነካለች፣ የሙሽራውን አባት ንፍገት በሰምና ወርቅ ጠቅልላ ትወረውራለች። ቤት ሙሉ ሰው ይስቃል፤ የተሰደበው ሰውዬ ራሱ ኪሱን ይዳብሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከበሮው ስለሚያውቅ ነው። አውራጇ አፏን ስትከፍት ከበሮው ዝቅ ይላል፣ ጉርምርም ይላል። ተቀባዩ ሲነሳ እሱም ይነሳል። በመካከል የምትተወው ያች ክፍተት የግጥሟ መግቢያ በር ናት። የኪቦርዱ ድራም በር የለውም። በአንድ ልክ ይሄዳል፣ ማንም ይናገር ማንም ዝም ይበል ጉዳዩ አይደለም። ማይክሮፎኑን ለአውራጇ ቢሰጧት እንኳ ከማን ጋር ትሽቀዳደም? ሁለት ስንኝ ብላ ትመልሰዋለች። ከዚያ ልጁ የታወቀ የአዲስ አበባ ዘፈን ያስነሳል፤ ሁሉም ቃሉን ያውቀዋል፤ ማንም አይፈጥርም። የቃል ግጥማችን እየጠፋ ነው እያልን በየስብሰባው ወረቀት የምናቀርብ ሰዎች የት እንደሚጠፋ ለማየት ወረታ ዳስ ውስጥ አንድ ማታ መቀመጥ ይበቃናል።

«ወጪ ይቆጥባል» የሚለውን ክርክርም እንየው፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ እውነት ነው። የአዲስ አበባ ሆቴሎች በአንድ ወቅት ባንድ ነበራቸው። ዋልያስ ባንድ ሒልተን ይጫወት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን «ጨ በለው» የሚለውን አልበማቸውን የሰማ ሰው ተማረ ሐረጉ ድራሙን እንዴት እንደያዘው ያውቃል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው ሌሊቱን ቆረጠው። ባንድ ማኖር ከበደ። ከዚያም ኪቦርድ መጣና የስድስትና የሰባት ሰው ሥራ አንድ ሰው ያዘው። ባለሆቴሉ ሒሳብ ቢሠራ አይፈረድበትም። እሺ፤ ወረታስ? ወረታ ዳስ ውስጥ መቼ ነው ቤዝ ተጫዋች የነበረው? ትራምፔት ነፊው ማን ነበር? ጎንደር ፋሲለደስ ኪነት ነበረው፣ ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ኪነት ነበረው፤ ወረታ በሁለቱ መካከል መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዳሷ የነበረው ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ ጭብጨባና እልልታ ነው። ኪቦርዱ እዚህ የተካው ውድ ባንድ ሳይሆን እነዚህን ነው። ከበሮው ደግሞ ድሮም በነፃ ነበር! በነፃ የነበረውን በብዙ ሺህ ብር ለውጦ «ወጪ ቆጠብኩ» የሚል ሒሳብ የትኛው ትምህርት ቤት ነው የሚሰጠው?

«በነፃ» ያልኩት ቃል ላይ ልመለስ፤ እሳቱ ያለው እዚያ ነው። ለኪቦርዱ ልጅ ቀብድ ይሰጠዋል። ስልክ ይደወልለታል። ከእንግዳ በፊት ምሳ ይቀርብለታል፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳያልቅበት ሰው ይመደብለታል። ተገቢ ነው፤ ሠርቶ ነው የሚበላው። ከበሮ የምትመታዋ ሴትዮስ? ጎረቤት ናት። «ትመታለች እንጂ ምን ትሆናለች?» ትባላለች። ሌሊቱን መትታ መዳፏ አብጦ ማለዳ ወደ ጓዳ ገብታ ድስት ታጥባለች። ማሲንቆ ይዞ የሚመጣውም አዝማሪ «አዝማሪ!» ተብሎ በስድብ ቃና የሚጠራ ነበር፤ አሁንም አልቀረም። ለመቶ ዓመታት ይህን ሥራ በሰው እጅ ሲሠራ ናቅነው። ያንኑ ሥራ ማሽን ሲሠራው «ባለሙያ መጣ» ብለን ወንበር ሳብን። እንግዲህ «ድምፁ ይበልጣል» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ከጆሮ የመጣች አይደለችም። ከበሮውን የያዘውን ሰው ከናቅንበት ከዚያው ቦታ ነው የመጣችው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፦ ከበሮ መቺ ይዘገያል፣ ይጠጣል፣ ያኮርፋል። ማሽን ጠላ አይጠጣም። ጎበዝ! ግን ጠላ የማይጠጣ፣ የማያኮርፍ፣ ማንንም የማያውቅ እንግዳ ሠርግ ቤት ምን ይሠራል?

በማሽን ቁም ነገር አይሠራም እያልኩም አይደለም። ሮላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ቲ አር 808 የሚባል የድራም ማሽን አለ። ድምፁ እውነተኛ ድራም አይመስልም ተብሎ ተተችቶ ነበር፤ በ1983 ማምረቱም ቆመ። በኋላ የአሜሪካ ጥቁር ወጣቶች ያንኑ «የማይመስል» ድምፅ አንስተው የራሳቸው ሙዚቃ መሠረት አደረጉት። ወደ እኛም ስንመጣ፣ የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የድራም ማሽን። ያ ማሽን ድራመር ነኝ ብሎ አይዋሽም። ቲክ ቲክ እያለ ከኋላ ይሄዳል፤ አኮርዲዮኑ ደግሞ በላዩ ላይ ይተነፍሳል፣ ይዘገያል፣ ይቀድማል። ሰው የሚተነፍስበት ቦታ ተትቶለታል። ካሴቱ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው ሰውዬው ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። እንግዲህ ድሆች ስለሆንን ማሽን ተጠቀምን የሚል ምክንያት አይሠራም። ኃይሉም ብቻውን ነበር። ልዩነቱ ማሽኑን ምን ላይ አቁሞ ምን ላይ እንደተወው ነው።

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ተረቱ። ኪቦርድ ሻጩ የሚሸጥልን በትክክል የዚህን ተረት ሁለተኛ ግማሽ ማጥፋትን ነው፤ «ሲይዙት አያደናግርም» እያለ። አንድ ጣት ለኮርዱ፣ አንድ ቁልፍ ለስታይሉ፣ ተጀመረ። ያ መደናገር ግን ትምህርቱ ነበር። የሚያደናግረው እጅን ከሰው ትከሻ ጋር ማስማማት ስላለበት ነው። እሱን የዘለለ ሰው ስንት ዓመት ቢጫወት ስታይል ይቀይራል እንጂ ከበሮ አይማርም።

ባለፈው ጥር አንድ የማውቀው የወረታ ልጅ፣ ጥሩ ጣት ያለው ልጅ ነው፣ ሠርግ ላይ ሲጫወት በዕረፍቱ ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። ኪቦርዱ ላይ የድራሙን ድምፅ ብቻ ለይቶ መዝጋት ይቻላል፤ ቤዙና ኮርዱ ይቀራሉ። «ድራሙን ዝጋውና ከበሮ የሚመታ ሰው አጠገብህ አስቀምጥ፤ አንድ ሁለት ዘፈን ብቻ» አልኩት።

ደነገጠ። «ጋሼ፣ ድራሙን ከዘጋሁትማ እኔ ምን ልሠራ?»

ይህን መልስ ከማንም ሊቅ አልሰማሁትም። ልጁ ራሱን ያውቃል። ድራሙ ሲጠፋ የግራ እጁ ባዶ መሆኑ፣ የቀኝ እጁ ዜማውን ብቻ እየተከተለ መሆኑ ይታወቃል። እስከ ዛሬ ሸፍኖት የነበረው ያ ዷዷታ ነው። ብዙ ተለማምጬው «እሺ፣ ሞክሬ አየዋለሁ፤ ግን ማን ይመታል?» አለኝ። «ከበሮ የሚመታ ሰው እኮ ድሮ ቀረ።»

አልቀረም። ከወረታ ወጣ ብላ የምትኖር፣ በአካባቢው ሠርግ ሁሉ ትመታ የነበረች፣ ኦርጋን ከመጣ ወዲህ የማትጠራ ሴትዮ አውቃለሁ። ሄጄ አነጋገርኳት። «እትዬ፣ ከኦርጋን ጋር ትመቺያለሽ?» አልኳት። ሳቀች። መጀመሪያ ስለ ገንዘብ ጠየቀች፤ ደስ አለኝ። ለልጁ የሚሰጠው ቀብድ ለእሷም በዚያው ቀን እንዲሰጣት ነው የምትፈልገው፣ በኋላ በእንጀራ ተሸፋፍኖ አይደለም። ድስት ማጠብ የለባትም። ከበሮው ቆዳው ተወጥሮ ፀሐይ ላይ እንዲቆይ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ይመደብለት አለች፤ ለጄኔሬተሩ እንደሚመደበው። ልጁ ቶሎ እንዳይሮጥባት፣ ፍጥነቱን የምትጨምረው እሷ ናት፤ እሱ ይከተላት።

ለዚህ ዓመት ልጃችሁን የምትድሩ የፎገራ አባቶች እነዚህን ቃል በቃል ለኪቦርዱ ልጅ አስቀድማችሁ ንገሩት። አንድ የረሳሁት ነገር አለ፣ ስወጣ ከበር ጠርታኝ የነገረችኝ። ያ ትልቁ ሞንታርቦ በእሷ በኩል እንዳይቆም። የሚያወርዱትን ሰዎች ቃል መስማት አለባት።